«የስኳሬን ብቻ ነው»፦ የድባቴና የእግር ቃጠሎ መድኃኒት በአንዲት ታካሚ ላይ ሲገናኙ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ በአጭሩ

አንዲት የ58 ዓመት ሴት ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን በጀመረች በወሩ አእምሮዋ ተምታቶና ሽንቷ ታግቶ ሆስፒታል ገባች። ፍሉኦክሰቲኑ ለትክክለኛው ሕመም፣ በትክክለኛው መጠን የታዘዘ ነበር። ጉዳት ያደረሰው ብቻውን አይደለም፤ ከወራት በፊት ሌላ ተቋም ለእግሯ ቃጠሎ ከሰጣት አሚትሪፕቲሊን ጋር በመገናኘቱ ነው። ሁለቱ ተቋማት በአንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ ያሉ፣ በእግር አሥር ደቂቃ የማይራራቁ ናቸው።

ሁለቱም መድኃኒቶች በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በብዛት የሚታዘዙ የድባቴ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን አሚትሪፕቲሊንን ብዙ ታካሚ፣ አንዳንዴም ባለሙያው ጭምር፣ የነርቭ ወይም የራስ ምታት ክኒን አድርጎ ብቻ ያውቀዋል። ጉዳዩ እንዲመዘገብ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። የታካሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ ስምም ቦታም አልተጠቀሰም።

መነሻው

ታካሚዋ በጉልት በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ከ24 ዓመት ልጇና ከ4 ዓመት የልጅ ልጇ ጋር የምትኖር ናት። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመቷ ነው። ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊ ግራም ደግሞ ጠዋት ትወስዳለች።

ጥር ላይ ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላት ጀመር። «ፍም ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ» ብላ ተናገረች። የስኳር ክትትል ክፍሉ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ አዘዘላት፤ ሚያዝያ ላይ ወደ 50 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ወደ ሁለት ክኒን ከፍ ተደረገ። መጠኑ ለነርቭ ሕመም የተለመደ ነው። አፏ ትንሽ ይደርቅ ነበር እንጂ ሌላ ችግር አልነበረባትም፤ እንቅልፏም ተስተካከለ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ባሏ ሞተ። አርባው ካለፈ በኋላም ወደ ገበያ መውጣት ተወች፤ እህል ቀነሰች፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅታ እስኪነጋ ትቀመጥ ጀመር። ሐምሌ 9 ልጇ ወደ ጤና ጣቢያ አመጣቻት። በ9ኙ ጥያቄዎች የድባቴ መለኪያ ከ27 ነጥብ 19 አገኘች። ስለ ሞት ስትጠየቅ «ምነው እኔንም በወሰደኝ» እንደምትል፣ ግን ራሷን ለመጉዳት ያሰበችው መንገድ እንደሌለ ገለጸች። የሥነ አእምሮ ነርሱ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት ጀመረላት።

ነርሱ መድኃኒት ከመጻፉ በፊት የሚጠየቀውን ጠይቋል።

«እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የስኳሬን ብቻ ነው።»

በካርዱ ላይ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ተጻፈ። ታካሚዋ አልዋሸችም፣ አልደበቀችምም። አሚትሪፕቲሊኑን የምትቀበለው በስኳር ቀጠሮዋ ቀን፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ፌስታል ውስጥ ነው። ለእሷ ሦስቱም የስኳር መድኃኒት ናቸው። ነርሱ መድኃኒቶቹን በስማቸው ወይም በሚወሰዱበት ሰዓት ቢጠይቅ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር።

የተከሰተው

በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ አቅለሸለሻት፣ እንቅልፏም ሳሳ። ይህ በፍሉኦክሰቲን ጅማሬ ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ይለቃል። በሁለተኛው ሳምንት የመጣው ግን ሌላ ነው። ያለ ውኃ እንጀራ መዋጥ እስኪያቅታት አፏ ደረቀ፤ አራት አምስት ቀን ሰገራ አትወጣም፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። ልጇ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «የመድኃኒቱ ጸባይ ነው፣ ይለመዳል» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ከፍሉኦክሰቲን የሚጠበቀው ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መላላት፣ መቅበጥበጥና የእንቅልፍ ማጣት ነው። የአፍ ድርቀት፣ የሆድ ድርቀትና ሲነሱ ማዞር አንድ ላይ ከመጡ ግን የአሚትሪፕቲሊን ዓይነት መድኃኒቶች መልክ ነው።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ታካሚዋ እስከ 9 ሰዓት ስለምትጾም የጠዋቱን መድኃኒት ከማታው ጋር አንድ ላይ መዋጥ ጀመረች። ፍሉኦክሰቲን በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በየትኛው ሰዓት መወሰዱ ለውጥ አያመጣም፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። የጎዳት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋሏ ነው። ድርቀቱም፣ ስትነሳ የደም ግፊቷ መውረዱም ባሰባቸው።

ነሐሴ 8 ከእምብርት በታች አማት፤ ሽንቷም ጠብ ጠብ ይል ነበር። በአንድ የግል ክሊኒክ የሽንት ኢንፌክሽን ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሰጣት። በዚያው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች፤ ለእጇ አንጓ ሕመም ትራማዶል 50 ሚሊ ግራም ታከለ። በሚቀጥሉት ሁለት ሌሊቶች ልጇ ያየችው እናቷ ቁጭ ብላ ከጋቢዋ ላይ የሌለ ክር አንድ በአንድ ስትለቅምና የሞተውን ባሏን ስታናግር ነው። ጎረቤት ጸበል አለ። ልጇ ደግሞ «የድባቴው መድኃኒት አሳበዳት» አለች። ነሐሴ 11 ሆስፒታል ስታመጣት ግን ቤት ውስጥ ያገኘችውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ምርመራውን ያሳጠረው ይህ ፌስታል ነው።

በሆስፒታል የተገኘው

የስኳር ሕመምተኛ አእምሮው ሲምታታ መጀመሪያ የሚለካው ስኳር ነው። ግሊቤንክላሚድ፣ ጾም፣ ፍሉኦክሰቲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን እያንዳንዳቸው ስኳርን ሊያወርዱ ስለሚችሉ እዚህ ይበልጥ አስፈላጊ ነበር። 112 ሆኖ ተገኘ። ክረምት በመሆኑ ለወባ ደም ታየ፤ የለም። የልብ ምቷ በደቂቃ 122፣ ሙቀቷ 37.6 ነበር። ተኝታ 138 በ84 የነበረው የደም ግፊቷ ስትቀመጥ 104 በ60 ሆነ። የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፤ ምላሷ እንደ ወረቀት ደርቋል። ሆዷ በማዳመጫ ሲሰማ ጸጥ ያለ ነው። ፊኛዋ እስከ እምብርቷ ይዳሰሳል፤ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ሲገባ 1,100 ሚሊ ሊትር ወጣ። ኢንፌክሽን የተባለው ሞልቶ የሚፈስ ፊኛ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ መለየት የነበረበት ይህ የአሚትሪፕቲሊን መብዛት ነው ወይስ የሴሮቶኒን (በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር) መብዛት የሚለው ነው፤ ፍሉኦክሰቲንና ትራማዶል አብረው ሲወሰዱ ሁለተኛውንም ያመጣሉና። ላብራቶሪ ይህን አይለይም፤ እጅ ነው የሚለየው። በሴሮቶኒን መብዛት ታካሚው በላብ ይርሳል፣ አንጀቱ ይጮኻል፣ ያስቀምጠዋል። ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ የእግሩን መዳፍ በድንገት ወደ ላይ ገፍቶ ሲይዙት ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ ይመታል። የዚህች ታካሚ ብብት በጣት ሲዳሰስ ደረቅ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷም አልመታም። ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አሚትሪፕቲሊን አመለከቱ።

ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የኪውአርኤስ ስፋት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክቱ በታችኛው የልብ ክፍል የሚያልፍበት ጊዜ፣ 96 ሚሊ ሰከንድ ሆነ። ከ100 በላይ ቢሆን ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ለመስጠት ተዘጋጅቶ ነበር። በደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየም 133፣ ከመደበኛው በጥቂቱ ያነሰ ነው። ፍሉኦክሰቲን በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ሶዲየም ሊያወርድ ስለሚችል ክትትል ውስጥ ገባ። እጇ አልተሰበረም።

ለምን ሆነ

አሚትሪፕቲሊንን ጉበት የሚያስወግደው በዋናነት ሲዋይፒ 2ዲ6 እና ሲዋይፒ 2ሲ19 በሚባሉ ኢንዛይሞች ነው። ፍሉኦክሰቲን የመጀመሪያውን በኃይል ያግደዋል፤ ሁለተኛውንም ይነካዋል። መውጫው ሲዘጋ በየማታው የሚገባው አሚትሪፕቲሊን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ መጠኑም ከሁለት እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ታካሚዋ ከሚያዝያ ጀምሮ የለመደቻቸውን ሁለት ክኒኖች እየዋጠች፣ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ግን የአራትና ከዚያ በላይ ክኒን ያህል ሆነ። መጠን ስላልተቀየረ ማንም አሚትሪፕቲሊኑን አልጠረጠረም።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜው ነው። ፍሉኦክሰቲንና በሰውነት ውስጥ የሚቀየርበት ኖርፍሉኦክሰቲን ለሳምንታት ይቆያሉ። ዛሬ ቢቋረጥ እገዳው ወደ 5 ሳምንት ገደማ ይቀጥላል። ስለዚህ ከፍሉኦክሰቲን ወደ አሚትሪፕቲሊን የሚዛወር ታካሚም ያው አደጋ ይጠብቀዋል፤ «አንዱን አቁመህ ሌላውን ነገ ጀምር» አይባልም።

ትራማዶልም በሲዋይፒ 2ዲ6 በኩል ነው ወደ ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ የሚቀየረው። መንገዱ ሲዘጋ ሕመሙ በቅጡ አይታገስም፤ ታካሚው ይደግማል፤ የሚጥል ሕመምና የሴሮቶኒን መብዛት ዕድል ግን ይጨምራል።

የተወሰደው እርምጃ

አሚትሪፕቲሊን፣ ትራማዶልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ወዲያው ቆሙ። ኢሲጂ በየ6 ሰዓቱ ለአንድ ቀን ተደገመ። በመጀመሪያው ሌሊት ስትረበሽ ክሎርፕሮማዚን ሊሰጣት ተብሎ ነበር፤ የተረኛው ሐኪም ከለከለ። ክሎርፕሮማዚን ራሱ አፍ የሚያደርቅ፣ ሽንት የሚያግት፣ ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ስለሆነ በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ይሆን ነበር። በምትኩ አነስተኛ ዳያዜፓም ተሰጣት፤ መብራት እንዲበራ፣ ልጇም አጠገቧ እንድትቀመጥ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን አእምሮዋ ጠራ፤ በአራተኛው ካቴተሩ ወጥቶ ራሷ ሸናች።

ፍሉኦክሰቲኑ ምን ይሁን የሚለው አከራከረ። ልጇ ጨርሶ እንዲቀር ፈልጋለች፤ ፍርሃቷም ተገቢ ነው። ቡድኑ ለ5 ቀን አቁሞት ቆይቶ በዚያው 20 ሚሊ ግራም እንዲቀጥል ወሰነ። የድባቴ ነጥቧ ከ19 ወደ 12 ወርዶ ነበር፤ ሶዲየሟም በክትትል የሚያዝ ነው። አሚትሪፕቲሊንን ብቻውን ለሁለቱም ሕመም መጠቀም ይቻል ነበር። ነገር ግን ሽንቷ የታገተባትና ሞትን የምትመኝ ሴት ናት፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ በብዛት ከተወሰደ ልብን የሚያቆም ነው። ለእግሯ ኩላሊቷ ተመርምሮ ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ተጀመረላት።

ለልጇ የተሰጠው ማብራሪያ አጭር ነበር፦ «እናትሽን የጎዳው ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ይኼኛው ብቻውን እየረዳት ነው። ሳትነግሩን እንዳታቋርጡት።»

ከሁሉ የከበደው ግኝት የመጣው ከቤት ነው። ልጇ አልጋ ሥር በወተት ጣሳ ውስጥ 72 የአሚትሪፕቲሊን ክኒን አገኘች፤ ሕመሙ ሲለቃት ሳትውጥ ያጠራቀመችው ነው። ለራሷ አስባው እንዳልሆነ ታካሚዋ ተናግራለች፤ ቡድኑም አምኗታል። ቢሆንም ሞትን የሚመኝ ሰውና የ4 ዓመት ሕፃን ባሉበት ቤት ይህን ያህል አሚትሪፕቲሊን መቀመጥ የለበትም። ለሕፃን ጥቂት ክኒንም ገዳይ ሊሆን ይችላል። ጣሳው እንዳለ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ተመለሰ።

ያልሠራው

ከሆስፒታል ስትወጣ «ሰማያዊዋን ክኒን እንዳይወስዱ» ተባለች። መስከረም ላይ ጋባፔንቲኑ አለቀ፤ በመንግሥት ፋርማሲ አልነበረም፣ ከግል ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ አጠራት። ቃጠሎው ተመለሰ። በዚያው ሳምንት የስኳር ቀጠሮዋ ደረሰ፤ በማኅደሯ ውስጥ የነበረው የአሚትሪፕቲሊን ትእዛዝ ስላልተሰረዘ እንደ ልማዱ 60 ክኒን ተሰጣት። አምራቹ ተቀይሮ ስለነበር ክኒኑ ቢጫ ነው። ታካሚዋ «ይቺ ሌላ ናት» ብላ ሦስት ሌሊት ዋጠች። ልጇ የነቃችው እናቷ ሌሊት ውኃ ደጋግማ ስትጠይቅ ነው፤ በማግሥቱ ይዛት መጣች፤ ያኔ ከአፍ ድርቀትና ከልብ ምት መፍጠን ያለፈ ጉዳት አልደረሰም።

ስህተቱ ከቀለሙ አይጀምርም። ለስኳር ክፍሉ የተጻፈው ማጠቃለያ ወረቀት በታካሚዋ እጅ ተልኮ ነበር። ወረቀቱ አራት ታጥፎ የልጇ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል፤ ለማን እንደሚሰጥ የነገራት ሰው አልነበረም። ርካሹን መድኃኒት ከልክሎ ውዱን ያዘዘው ቡድንም፣ ውዱ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ አላሰበም። ሕመም ላይ ያለ ሰው በእጁ ያለውን ይውጣል።

የሠራው

የሥነ አእምሮ ነርሱ ያን አሥር ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ከስኳር ክፍሉ ነርስ ጋር ማኅደሩን ከፍተው ትእዛዙን በቀይ ሰረዙ፤ ምክንያቱንም በሽፋኑ ላይ ጻፉ። ከዚህ በላይ ውጤት ያመጣ እርምጃ በጉዳዩ ውስጥ የለም።

ለታካሚዋ አንድ ተራ ደብተር ተገዛ። በየትኛውም ተቋም የሚሰጣት መድኃኒት በዚያ ላይ በአማርኛ ይጻፋል፦ ስሙ፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት፣ መቼ፣ ማን እንዳዘዘው። በመጀመሪያው ገጽ «ፍሉኦክሰቲን ትወስዳለች፤ አሚትሪፕቲሊንና ትራማዶል እንዳይሰጣት» የሚል ተጽፏል። በክኒን ፖስታዎቹም ላይ ከቀለም ይልቅ «ለሐዘኔ» እና «ለእግሬ» የሚል በራሷ አባባል ተጻፈ። ማንበብ ስለማትችል ፀሐይና ጨረቃ ተሥሎላቸዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍሉኦክሰቲን የሚሰጣት በየሳምንቱ 7 ካፕሱል ብቻ ሆነ፤ የምትይዘውም ልጇ ናት። የጋባፔንቲን አቅርቦት በጤና መድን አባልነቷ በሆስፒታሉ ፋርማሲ እንዲያዝላት ተደረገ። ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ሳምንት ሲቀረው ልጇ እንድትጠይቅ ተነግሯታል።

ለሌሎች ተቋማት የሚያገለግለው

ጤና ጣቢያው «ሌላ መድኃኒት አለ?» የሚለውን ጥያቄ ተወው። አሁን የሚጠየቀው በሕመሙና በሰዓቱ ነው፦ ማታ ሲተኙ የሚውጡት ክኒን አለ? ለእግር ቃጠሎ፣ ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለእንቅልፍ የተሰጠዎትስ? ከጎረቤት የወሰዱት? ከመድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት የገዙት? የባህል መድኃኒትስ? ከዚያ በሁለተኛው ቀጠሮ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ይነገራል። ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

የወገቡ ጥያቄ ያለ ምክንያት አልገባም። ፍሉኦክሰቲን እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ የጨጓራ መድማት ዕድል ይጨምራል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ፌኒቶይን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ፍሉኦክሰቲን ፌኒቶይኑን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ እርምጃው ሲዛነፍና ዓይኑ ሲርገበገብ ያ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የስኳር፣ የነርቭና የራስ ምታት ክፍሎች አሚትሪፕቲሊን ሲያዝዙ ለታካሚው «ይህ የድባቴ መድኃኒትም ነው፤ ሌላ ቦታ ሲታከሙ ስሙን ይናገሩ» ማለት አለባቸው። ብዙዎች ታካሚው ይደነግጣል ብለው ይዘሉታል። በዚህ ጉዳይ ያን ዓረፍተ ነገር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ነርሱ ሲጠይቃት አሚትሪፕቲሊኑን ባነሳችው ነበር።

ፍሉኦክሰቲን ከጀመረ ሰው ላይ በሁለተኛው ሳምንት መደወል ወይም ማየት ያስፈልጋል። የሚጠየቀውም «እንዴት ነሽ?» ብቻ አይደለም፤ አፍ፣ ሰገራ፣ ሽንት፣ ሲነሱ ማዞር፣ የመኖር ስሜት አንድ በአንድ ይነሳሉ።

የአሁኑ ሁኔታ

በስድስተኛው ወር የድባቴ ነጥቧ 6 ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጉልት ትወጣለች። ሶዲየሟ በሁለት ሳምንት ውስጥ 137 ሆኗል። ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች፤ ቃጠሎው አልጠፋም፣ ግን ያስተኛታል። ፍሉኦክሰቲኑ ሙሉ በሙሉ ከተሻላት በኋላ ለ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው። ለዓቢይ ጾም የንስሐ አባቷ ጠዋት መድኃኒቷን በውኃ እንድትውጥ ፈቅደውላታል፤ ልጇ ይህንንም ደብተሩ ላይ ጽፋዋለች።